አቡነ ኤዎስጣቴዎስና የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ

በአቃቂ ቃሊቲ አጥቢያዎች፣ እንደ ሌላው የሀገራችን ክፍል ሁሉ፣ በዐቢይ ጾም እንኳ ቅዳሜና እሑድ ስግደት አይሰገድም፤ ሁለቱም ሰንበታት ናቸውና። ይህ ሥርዓት ዛሬ ማንንም አያከራክርም። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ገዳማትን የከፋፈለ ጉዳይ ነበር፤ ታሪኩም ከጻድቁ አባታችን ከአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው።

አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተወልደው በገርዓልታ ከአጎታቸው ከአባ ዳንኤል ዘንድ መነኰሱ። በኋላም በሰራዬ እያስተማሩ ብዙ ደቀ መዛሙርትን አፈሩ። ቀዳሚት ሰንበት እንደ እሑድ ትከበር ዘንድ በማስተማራቸው ተቃውሞ ስለ በረታባቸው ሀገራቸውን ትተው ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገሩ፤ በመጨረሻም በአርመን ዐረፉ። መታሰቢያቸው መስከረም 18 ቀን ነው።

በሀገር የቀሩት ልጆቻቸው በአባ አብሳዲ መሪነት ጸኑ። ክህነት ተከለከሉ፤ ከቤተ መንግሥትም ተገለሉ። በዐፄ ዳዊት ዘመን የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ወደ ቤተ መንግሥት ተጠርተው ስለ ሰንበት ተከራከሩ፤ አቋማቸውን ባለመተዋቸውም ለአራት ዓመታት ያህል ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ፈትተው ሰንበትን እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው። የክህነቱ መለያየት ግን ገና አልተፈታም ነበር።

ልጆቻቸው በዚህ ሁሉ ዘመን ለራሳቸው ሌላ ጳጳስ አላቆሙም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450 ዓ.ም. ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በተጉለት፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰበሰቡ። ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል የቀዳሚት ሰንበትን መከበር ተቀበሉ፤ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከጳጳሳቱ እጅ ክህነትን ለመቀበል ተስማሙ። ጻድቁ ይህን ሳያዩ መቶ ዓመት ያህል አስቀድመው ዐርፈው ነበር።

እንግዲህ በየአጥቢያችን አለመግባባት ሲነሣ ይህን ታሪክ እናስብ። ቅር የተሰኘው ወገን ሌላ መሠዊያ ለማቆም አልቸኰለም፤ ሥልጣን የነበረውም ወገን በመጨረሻ ማድመጥን አላፈረበትም። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ዛሬ ሁለቱን ሰንበታት በአንድነት ባላከበርን ነበር።

የጻድቁ አባታችን ረድኤትና በረከት አይለየን፤ አሜን።