ክሌመንት አትሊ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ጠቅላይ ሚኒስትር

በሃያኛው መቶ ዓመት እንግሊዝን በጠቅላይ ሚኒስትርነት ከመሩት ሰዎች ብዙዎቹ በአንደበትና በግርማ የታወቁ ነበሩ። ሎይድ ጆርጅ በንግግራቸው ሕዝብ ያነቃንቁ ነበር፤ ራምሴ ማክዶናልድ በመልካቸውና በድምፃቸው ሰው ይማርኩ ነበር፤ ዊንስተን ቸርችልማ በቃላቸው ብቻ አንድ ሠራዊት ያህሉ ነበር። ሚስተር ክሌመንት አትሊ ግን ራሰ በራ፤ ፒፓ የሚያጤሱ፤ ከሁለት ቃል ሦስት መናገር የሚከብዳቸው ሰው ነበሩ። ኾኖም ሎይድ ጆርጅ በ1922 ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ወደዚያ ወንበር አልተመለሱም፤ ማክዶናልድ የገዛ ፓርቲያቸውን ከፍለው ወዳጅ አጡ፤ ሚስተር ቸርችልም ጀርመንን ድል ባደረጉበት በ1945 ምርጫውን ተሸነፉ። ያሸነፏቸውም እኒሁ ዝምተኛ ሰው ነበሩ።

ሚስተር አትሊ በለንደን በፓትኒ ሰፈር በ1883 ተወለዱ፤ ዓመቱም፤ ከዚህ በላይና በታች ያለውም ኹሉ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። የጠበቃ ልጅ ነበሩና በኦክስፎርድ ታሪክ ተምረው እሳቸውም ጠበቃ ኾኑ። በ1905 ግን በምሥራቅ ለንደን በስቴፕኒ ለድኻ ልጆች የተቋቋመውን ማኅበር ለማየት ሄደው በዚያው ቀሩ። የልጆቹን ረኃብና እርዛት በየቀኑ ካዩ በኋላ ምጽዋት ብቻውን እንደማይበቃ ተረድተው በ1908 ወደ ሠራተኞች ወገን ገቡ። በ1914 ጦርነት በተነሣ ጊዜ ዘመቱ፤ የእንግሊዝ ጦር የጋሊፖሊን ምድር ለቆ ከሱቭላ ወደብ ሲወጣ ከመጨረሻዎቹ ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ በሜሶፖታሚያም ቈሰሉ። በ1919 የስቴፕኒ ከንቲባ፤ በ1922 የፓርላማ አባል ኾኑ።

ወደ ላይ ያወጣቸው የሌሎች መውደቅ ነው። በ1931 ማክዶናልድ ከተቃዋሚዎቻቸው ጋራ መንግሥት ባቆሙ ጊዜ የሠራተኞች ፓርቲ በምርጫው ተሰባብሮ 52 ወንበር ብቻ ቀረው። ታላላቆቹ ኹሉ ሲወድቁ ሚስተር አትሊ በጥቂት ድምፅ ተረፉ። በ1935 የፓርቲው መሪ ኾነው ሲመረጡ ብዙ ሰው የተሻለ እስኪገኝ ድረስ ወንበር የሚጠብቁ አድርጎ ገመታቸው፤ እሳቸው ግን 20 ዓመት ቈዩበት።

መሪ በኾኑ በሁለት ወር ኢትዮጵያን የሚመለከት ነገር ገጠማቸው። የጠቅላይ ሚኒስትር ባልድዊን መንግሥት የመንግሥታትን ማኅበር ቃል ኪዳን እጠብቃለሁ ብሎ በኅዳር ምርጫውን ካሸነፈ በኋላ፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰር ሳሙኤል ሆር ከፈረንሳዩ ላቫል ጋራ ተስማምተው ከኢትዮጵያ ምድር ሰፊውን ክፍል ለወራሪው ለኢጣልያ ለመስጠት መከሩ። ምክሩ በተገለጠ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ፤ ሆርም ሥራቸውን ለቀቁ። በማግሥቱ ዲሴምበር 19 ቀን ሚስተር አትሊ በፓርላማ ተነሥተው መንግሥቱን ስለዚህ ነገር ከሰሱ፤ ነገር ግን የመንግሥቱ ወገን ብዙ ነበረና ክሱ በድምፅ ብልጫ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር የሚስተር አትሊም ፓርቲ ነቀፋ አያጣውም፤ ወራሪው ይቀጣ እያለ እስከ 1937 ድረስ ለገዛ አገሩ ጦር የሚመደበውን ገንዘብ ይቃወም ነበርና።

በ1940 የሠራተኞች ፓርቲ በኔቪል ቻምበርሌን ሥር አንሠራም ስላለ ቻምበርሌን ወረዱ፤ ሚስተር ቸርችልም ተተኩ። ሚስተር አትሊ በሳቸው ሥር፤ ኋላም በምክትልነት፤ አምስት ዓመት ሠሩ፤ ሚስተር ቸርችል ወደ ውጭ በሄዱ ቍጥር የሚኒስትሮችን ምክር ቤት በሊቀ መንበርነት የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ጊዜ የሁለቱ ልዩነት ጐልቶ ታየ። ሚስተር ቸርችል ለጉባኤው የተዘጋጀውን ወረቀት ሳያነቡ ገብተው ስለ ሌላ ነገር ረጅም ንግግር ያደርጉ ነበር፤ ሚስተር አትሊ ግን ኹሉን አስቀድመው አንብበው፤ እያንዳንዱን አስተናግረው፤ የተቈረጠውን በጥቂት ቃል ዘግተው ያሰናብቱ ነበር። በጃንዋሪ 1945 ይህን ጕድለት የሚዘረዝር ደብዳቤ ለሚስተር ቸርችል ጻፉ፤ ጸሐፊዎች እንዳያዩትም በገዛ እጃቸው በመኪና መቱት። ሚስተር ቸርችል በጣም ተቈጡ፤ ነገር ግን ሚስታቸው እንኳ ለሚስተር አትሊ ፈረዱ።

በጁላይ 1945 የሠራተኞች ፓርቲ 393 ወንበር አገኘ። ሚስተር አትሊ ሚስታቸው በሚነዱት ትንሽ መኪና ወደ ንጉሡ ግቢ ሄደው ሹመቱን ተቀበሉ። ከርሳቸው ሥር የነበሩት ሚኒስትሮች፤ ቤቪን፤ ሞሪሰን፤ ክሪፕስ፤ ቤቫን፤ እያንዳንዳቸው ከጌታቸው ይበልጥ የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። በ1947 ክሪፕስ መጥተው ወንበሩን ለቤቪን እንዲለቁ አሳሰቧቸው። ሚስተር አትሊ አልተቈጡም፤ ስልኩን አንሥተው ቤቪንን ይህን ሥራ ትፈልጋለህን ብለው ጠየቁ፤ አልፈልግም የሚል መልስ ባገኙ ጊዜ ክሪፕስን በአዲስ ሚኒስቴር ላይ ሾመው ሰደዷቸው። አድማው በዚሁ አበቃ።

በስድስት ዓመት ውስጥ የእንግሊዝ ባንክ፤ የድንጋይ ከሰሉና የምድር ባቡሩ የመንግሥት ኾነ፤ ከጁላይ 5 ቀን 1948 ጀምሮም ድኻና ሀብታም ሳይለይ ሕዝቡ ኹሉ ያለ ክፍያ ይታከም ጀመር። በዚያው ልክ አገሪቱ በዕዳ ተጨንቃ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ እንኳ በመጠን ያልታደለው ዳቦ በ1946 በመጠን ታደለ። ህንድ በ1947 ነፃነቷን አገኘች፤ ነገር ግን ለጁን 1948 ተቀጥሮ የነበረው ቀን ወደ ኦገስት 1947 ስለ ተሳበ፤ አገሩ ለሁለት ሲከፈል ብዙ መቶ ሺህ ሰው አለቀ፤ በሚሊዮን የሚቈጠርም ተሰደደ። ምክር ወዳዱ ሰው የአቶም ቦምብ እንዲሠራ በቈረጡ ጊዜም ነገሩን ለጥቂት ሚኒስትሮች ብቻ ገልጠው ከቀሩት ሸሸጉ። ደግሞም በ1935 ለኢትዮጵያ የጮኸው ፓርቲ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ቤቪን በ1946 ኦጋዴንን ከሶማሌ አገሮች ጋራ አንድ ለማድረግ አሳብ አቀረቡ፤ ከኦጋዴን የሚበዛው በ1948 ሲመለስ ሐውድ እስከ 1955 ድረስ በእንግሊዝ እጅ ቀረ።

በ1951 ለመነጽርና ለሰው ሠራሽ ጥርስ ክፍያ ይጠየቅ በመባሉ ቤቫን ተቈጥተው ለቀቁ፤ ፓርቲውም ተከፈለ። በዚያው ዓመት በተደረገው ምርጫ የሠራተኞች ፓርቲ ከተቃዋሚው የሚበልጥ ድምፅ አግኝቶ ሳለ በወንበር ቍጥር አነሰ፤ ሚስተር ቸርችልም በ76 ዓመታቸው ተመለሱ።

ሚስተር ቸርችል በ1965 በሞቱ ጊዜ ሬሳውን ከሚያጅቡት መኳንንት መካከል የ82 ዓመቱ ሽማግሌ አትሊ ነበሩ፤ በብርዱ መካከል መቆም ስላቃታቸው ወንበር ቀረበላቸው። እሳቸውም በኦክቶበር 8 ቀን 1967 ዐረፉ፤ ዐመዳቸውም በዌስትሚንስተር ገዳም ተቀበረ። የተዉት ሀብት ቢቈጠር ከ7 ሺህ ፓውንድ ጥቂት የሚበልጥ ኾኖ ተገኘ።