ከከዋክብት ወደ ዛፍ ቀለበት፦ የአንድሪው ኤሊኮት ዳግላስ ሕይወት

የወንዝ መለኪያ ከመተከሉ በፊት የነበረው ድርቅና ሙላት በዛፍ ግንድ ውስጥ ተመዝግቦ እንደሚገኝ ያሳየው የጥናት ዘርፍ መሥራች፣ የሥነ ፈለክ ምሁሩ አንድሪው ኤሊኮት ዳግላስ ናቸው። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1867 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በቬርሞንት ክፍለ ግዛት ነው።

በ1894 ፐርሲቫል ሎዌል በአሪዞና፣ በፍላግስታፍ ከተማ ላቋቋመው የከዋክብት መመልከቻ ቦታውን መርምረው የመረጡለት እርሳቸው ነበሩ። ይሁን እንጂ ሎዌል በማርስ ላይ ፍጡራን የቆፈሯቸው ቦዮች አሉ ብሎ ሲከራከር ዳግላስ ማስረጃውን በመጠራጠራቸው በ1901 ከሥራ ተሰናበቱ።

ዳግላስን ያሳሰባቸው ጥያቄ በየ11 ዓመቱ ገደማ የሚበረክቱት የፀሐይ ነጥቦች በምድር ዝናብ ላይ ለውጥ ያመጡ እንደሆነ ነበር። ለዚህ የሚበቃ የረጅም ዘመን የአየር ጠባይ መዝገብ ስላልነበረ ፊታቸውን ወደ ጥድ ዛፍ አዞሩ። በደረቁ የአሪዞና ምድር የዛፉን ዕድገት የሚወስነው በይበልጥ እርጥበት ስለሆነ፣ መልካም ዝናብ የጣለበት ዓመት ሰፊ ቀለበት፣ ድርቅ ያገኘው ዓመት ጠባብ ቀለበት ይተዋል። በ1904 ግንዶችን መለካት የጀመሩት ዳግላስ የሰፊና የጠባብ ቀለበቶች ቅደም ተከተል በአንድ አካባቢ ዛፎች ሁሉ ተመሳሳይ መሆኑን አረጋገጡ። ስለሆነም አንዱን ዛፍ ከሌላው ጋር በማመሳከር የጎደለውን ወይም የተደረበውን ቀለበት ለይቶ ለእያንዳንዱ ትክክለኛ ዓመቱን መስጠት ተቻለ።

በ1929 በሾው ሎው ከተማ የተገኘ የከሰለ የጣሪያ እንጨት በሕያዋን ዛፎችና በጥንታውያን ፍርስራሾች መዝገብ መካከል የነበረውን ክፍተት ዘጋ፤ መዝገቡም እስከ 700 ዓ.ም. ዘለቀ። በ1937 ዳግላስ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዛፍ ቀለበት ምርምር ቤተ ሙከራን መሠረቱ።

የፀሐይ ነጥቦቹን ጥያቄ እስከ ፍጻሜው ሳያረጋግጡ በ1962 አረፉ። የመሐንዲሱ ሙያ ግን ታላቅ ውርስ አግኝቷል። በ1922 ሰባት ክፍለ ግዛቶች የኮሎራዶን ወንዝ ሲከፋፈሉ ለላይኛውና ለታችኛው ተፋሰስ በዓመት በድምሩ ወደ 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ መድበው ነበር፤ መነሻቸውም የጥቂት ዓመታት ልኬት ነበር። የዳግላስ ተማሪ ኤድመንድ ሹልማን በተፋሰሱ ዛፎች ላይ ጥናቱን ቀጠሉ። ኋላም በ1976 ቻርልስ ስቶክተንና ጎርደን ጃኮቢ ቀለበቶቹን ከመለኪያው ንባብ ጋር አዛምደው ፍሰቱን ወደ ኋላ ሲያሰሉ፣ የረጅም ዘመን አማካዩ ወደ 16.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ክፍፍሉ የተደረገው ከዘመናት ሁሉ እጅግ እርጥብ ከነበሩት ዓመታት በአንዱ ወቅት ኖሯል። ከማርስ ጉዳይ ጀምሮ በቂ ባልሆነ ማስረጃ መደምደምን እምቢ ያሉት ሰው የተዉት ዘዴ፣ የአጭር ዘመን መዝገብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለውሃ መሐንዲሶች በቁጥር አሳየ።