ሰባተኛው ሙከራ፦ የቅዱስ ያሬድ ሕይወትና የዜማ ድርሰት

በላስታ ላሊበላ በየዓመቱ የገና ዕለት፣ ካህናቱ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ከፊሎቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የዐለት አፋፍ ላይ፣ ከፊሎቹም ከታች በቅጥሩ ውስጥ ቆመው፣ ቤዛ ኵሉ የተባለውን ማኅሌት ይቀባበላሉ። የዚህ ሁሉ የዜማ ሥርዓት አባት ተብሎ የሚከበረው ሰው ግን የላስታ ተወላጅ አልነበረም። ቅዱስ ያሬድ በአክሱም የኖረው የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከመፈልፈላቸው ከስድስት መቶ ዓመታት ያህል በፊት ነው።

የያሬድ ታሪክ ለማኅበራችን አባላት ልዩ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ። ሐሳብ ሲነጥፍ የሚደርሰውን ጭንቀት በባዶ የንድፍ ወረቀት ፊት የተቀመጠ መሐንዲስም፣ ለባንዱ የጊታር ሶሎ መድረስ አቅቶት ሌሊቱን የሚያጋምስ ወጣትም እኩል ያውቁታልና። የዜማው ሊቅ ሕይወትም የሚጀምረው ከዚሁ ጭንቀት ነው።

እንደ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት፣ እናቱ እንዲያስተምረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ብላቴናው ግን ትምህርቱ አልገባው አለ። ጓደኞቹ እየቀደሙት ሲሄዱ እርሱ በአንድ ቦታ ቆመ፤ ተግሣጹና ቅጣቱም በበረታበት ጊዜ ትምህርቱን ትቶ ኮበለለ። በመንገድም ማይኪራህ በተባለው ስፍራ ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ።

በዚያም አንዲት ትል በዛፉ ግንድ ላይ ስትወጣ አየ። ስድስት ጊዜ ወጥታ ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ በሰባተኛው ከጫፉ ደረሰች። ታሪኩ በብዙ አፍ ስለ ተነገረ ዋናው ነገር አንዳንድ ጊዜ ይዘነጋል። ትሏ ዛፍ አልለወጠችም፤ የተለየ ጥበብም አላገኘችም። ያደረገችው ወደዚያው ግንድ መመለስ ብቻ ነው። ያሬድም እንዲሁ አደረገ። ሌላ መምህር ሳይፈልግ፣ ወደ ሸሸው አጎቱ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ያቃተውንም ትምህርት እንደገና ጀመረ። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱን ፈጥኖ እንዳጠና ይተረካል።

ሰማያዊው ዜማ የተገለጠለት ከዚህ በኋላ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ትውፊቱ እንደሚለው ሦስት ወፎች ከሰማይ ተልከው ወደ ሰማያዊቱ ኢየሩሳሌም ወሰዱት፤ በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ስለዚህ በትረካው ቅደም ተከተል ድካሙ ይቀድማል፤ ጸጋው ይከተላል።

ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ በተባሉ ሦስት የዜማ ስልቶች ሠራ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት አምስት መጻሕፍትም በስሙ ይጠራሉ። ድጓው የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች ተከትሎ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ቀን የራሱን መዝሙር ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ሥራ ደራሲው ስሜቱ እስኪመጣ ድረስ እጁን አጣጥፎ እንዲቀመጥ ፋታ አይሰጠውም። በሌላ በኩል ስልቶቹ ሦስት ብቻ መሆናቸው ምርጫውን ያጠብለታል፤ መነሻውንም ያቀልለታል።

ሥራው በአንድ ሰው ዕድሜ አላበቃም። ኋላ የተነሡ ሊቃውንት በድጓው ላይ ጨምረዋል። ዛሬ ከቃላቱ በላይ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች የሠሩት ደግሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው። ከላስታ በስተ ምዕራብ በጋይንት ምድር የሚገኙት ቤተ ልሔምና ዙር አምባ፣ የመጀመሪያው በድጓ፣ ሁለተኛው በዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያነት ታውቀው ኖረዋል።

ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በተመስጦ የያዘውን ጦር በእግሩ ላይ ተከለበት፤ ደሙ እስኪፈስ ድረስም ሁለቱም አላወቁም ይባላል። ንጉሡ በካሣ ፈንታ የፈለገውን እንዲጠይቅ በፈቀደለት ጊዜ፣ ያሬድ የመረጠው ከቤተ መንግሥቱ ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራሮች መመነን ነበር። በዚያም ደቀ መዛሙርት እያስተማረ ኖረ፤ ትውፊቱ ዕረፍቱን በግንቦት 11 ቀን 571 ዓ.ም. ያደርገዋል። ገብረ መስቀል የሚለውን የንግሥ ስም ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የላስታው ንጉሥ ላሊበላም ይዞታል።

የጊታር ሶሎ ደራሲ ከያሬድ ሕይወት የሚወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው፤ እያንዳንዱም በአምስት ድምፆች የቆመ ነው። ሶሎው በአራተኛው ሐረግ ላይ እምቢ ያለው ሰው ቅኝቱን ከመለወጡ በፊት ወደ መጀመሪያው ሐረግ ይመለስ፤ ያንኑ አምስት ድምፅ ይዞ ደግሞ ይሞክር። ነገም በዚያው ሰዓት እዚያው ይቀመጥ። ስድስት ጊዜ መውደቅ ከሰባተኛው የሚለይ ነገር አይደለም፤ የአንዱ አወጣጥ ክፍል ነው።