የፕሬዚዳንቱ ጉንጭ ለምን አበጠ?

የምራቅ ዕጢ ኢንፌክሽን ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን የልጆች ጆሮ ደግፍ ነው። እሱ በቫይረስ የሚመጣ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣው ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው አልጋ ላይ የዋለና ሰውነቱ ውሃ ያጠረውን ታማሚ ነው። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን የ20ኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጄምስ ጋርፊልድ ሕይወት ነው።

ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1831 በኦሃዮ በእንጨት ጎጆ ውስጥ ተወለዱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው አባታቸው ስለሞቱ ያሳደጓቸው እናታቸው ናቸው። ትምህርት ቤት እያጸዱ ተማሩ፤ በኋላም የዚያው ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። በእርስ በርሱ ጦርነት ጄኔራል፣ ቀጥሎም ለረጅም ዓመታት የምክር ቤት አባል ሆነው አገልግለው በማርች 1881 የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ያዙ።

አራት ወር እንኳ አልቆዩም። ጁላይ 2 ቀን ዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ውስጥ ቻርለስ ጊቶ የተባለ ሰው በጥይት ጀርባቸውን መታቸው። ሐኪሞቹ ጥይቱን ፍለጋ ባልታጠበ ጣትና ባልጸዳ መሣሪያ ቁስሉን ደጋግመው ነካኩት። ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ከጀርም ስለመጠበቅ በ1867 ጽፎ፣ በ1876 ደግሞ ፊላዴልፊያ ድረስ ሄዶ አስረድቶ ነበር፤ ግን ብዙዎቹ የአገሩ ሐኪሞች ገና አልተቀበሉትም።

ቁስሉ መገለ፣ ትኩሳቱ ተመላለሰ፣ የበሉት ሁሉ ያስመልሳቸው ጀመር። 95 ኪሎ ገደማ የነበሩት ሰውዬ ወደ 60 ኪሎ ወረዱ። በኦገስት አጋማሽ ላይ ከቀኝ ጆሯቸው ሥር ያለው የምራቅ ዕጢ አበጠ። ሐኪሞቹ ቀደው መግል አወጡለት። የፊት ነርቭ በዚሁ ዕጢ ውስጥ ስለሚያልፍ የቀኝ ፊታቸውም ሰነፈ።

ለምን ይሄ ሆነ? ምራቅ ዝም ብሎ አይፈስም፤ በላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ትይዩ ጉንጭ ውስጥ የሚከፈተውን ቱቦ እያጠበ ነው የሚወጣው። ታማሚው ውሃ ሲያጥረው፣ ምግብም ማኘክ ሲያቆም ምራቁ ይቀንሳል። ያኔ የአፍ ባክቴሪያ፣ በተለይ ስታፊሎኮከስ፣ በቱቦው ሽቅብ ወጥቶ ዕጢው ውስጥ ይራባል።

ጋርፊልድ ከተመቱ ከ79 ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 19፣ በ49 ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር ሐኪሞቹ በቀኝ በኩል ሲፈልጉት የነበረው ጥይት በግራ በኩል፣ ቆሽት አጠገብ በሥጋ ተሸፍኖ ተገኘ። ብዙ የዛሬ ሐኪሞች ሰውየውን ለሞት ያበቃቸው ከጥይቱ ይልቅ ኢንፌክሽኑ ነው ይላሉ።

ዛሬ ፈሳሽና አንቲባዮቲክ አለ፤ መግል ከቋጠረም ይከፈታል። ግን ከሁሉም በፊት የሚመጣው የኛ ሥራ ነው። ዋርድ ስንገባ እጃችንን እንታጠብ፤ መብላት ያቃተውን ታማሚ አፍ እናጽዳ፣ እናርጥብለት፤ ፈሳሹን እንመዝግብ። ጉንጩ ድንገት ካበጠና ካመመው ደግሞ በጓንት ጉንጩን ቀስ ብለን ተጭነን ከቱቦው አፍ መግል ይወጣ እንደሆነ እንይ። ጥርሱን አሞት ይሆናል ብለን አንለፈው።