ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን፦ ሕይወታቸውና ለሕዋሳዊ የበሽታ መከላከል ጥናት የተዉት ቅርስ

በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ ከአለርት ሆስፒታል ጎን የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት፣ በበሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ላይ የዶክትሬት ጥናት የሚያካሂዱ ኢትዮጵያውያን የሚሠለጥኑበት ተቋም ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ተቋሙ በስማቸው የተጠራላቸውን ኖርዌያዊ ሐኪም ሕይወት ይዳስሳል።

ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1841 በበርገን ከተማ ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን በ1866 ከፈጸሙ በኋላ በሎፎተን ደሴቶች ለዓሣ አጥማጆች ሐኪም ሆነው ሠሩ፤ በ1868 ወደ በርገን ተመልሰው የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ማከም ጀመሩ። ኖርዌይ ከ1856 ጀምሮ ታማሚዎቿን በአገር አቀፍ መዝገብ ትመዘግብ ነበር። የሐንሰን አለቃ የነበሩት ታዋቂው ሐኪም ዳንየልሰን ደዌው በዘር የሚወረስ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ሐንሰን ግን የበሽታውን ሥርጭት ከቦታ ቦታ መርምረው ተላላፊ መሆን አለበት ከሚል ድምዳሜ ደረሱ። በ1873 ከታማሚዎች ቆዳ እባጭ በወሰዱት ናሙና ውስጥ በትር መሰል ረቂቅ ተሕዋስያንን በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ፤ ግኝታቸውንም በ1874 አሳተሙ። በዚያው በ1873 የዳንየልሰንን ልጅ አግብተው፣ ባለቤታቸው ዓመት ሳይሞላቸው በሳንባ ነቀርሳ አረፉ።

ግኝቱ ግን ማረጋገጫ ይጎድለው ነበር። ተሕዋሲው በቤተ ሙከራ አልራባም፤ ዛሬም ቢሆን በሰው ሠራሽ ማራቢያ ሊያድግ አልቻለም። በ1879 ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ናይሰር ወደ በርገን መጥተው ናሙና ወሰዱ፤ በተሻለ የማቅለሚያ ዘዴ ተሕዋሲውን አጉልተው ካሳዩ በኋላ የግኝቱ ባለቤት እኔ ነኝ አሉ። በዚያው ዓመት ሐንሰን መተላለፉን ለማረጋገጥ ሲሉ፣ ከአንድ ታማሚ የተወሰደ ንጥረ ነገር በአንዲት የሆስፒታሉ ታካሚ ዓይን ላይ በስለት አስገቡ። ታካሚዋን አላስፈቀዱም፤ ዓላማውንም አልነገሯቸውም። ጉዳዩ በ1880 በበርገን ፍርድ ቤት ታየ፤ ሐንሰን ፈቃድ አለመጠየቃቸውን አመኑ፤ ከሆስፒታል ሐኪምነታቸውም ተሰናበቱ። ሆኖም ለአገሪቱ የሥጋ ደዌ ቁጥጥር ዋና ሐኪምነታቸው አልተነሳም።

በዚህ ኃላፊነት በ1877 እና በ1885 ለወጡት የኖርዌይ የሥጋ ደዌ ሕጎች ዋና ተሟጋች ሆኑ። ሕጎቹ ታማሚዎችን ከቤተሰባቸው የመለየት ሥልጣን ለባለሥልጣናት የሰጡ በመሆናቸው የታማሚው መብት ጥያቄ በድጋሚ ተነሳ። በ1909 በበርገን የተካሄደውን ሁለተኛውን ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ በሊቀመንበርነት መርተው በ1912 አረፉ።

ሐንሰን ያልመለሱት ጥያቄ ተሕዋሲው ነርቭን እንዴት እንደሚጎዳ ነው። በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ የተቋቋመው የአዲስ አበባው ኢንስቲትዩት ሥራውን የጀመረው በዚህ ዙሪያ ነበር። ተሕዋሲው በዝግታ የሚራባና ራሱ ብዙ መርዝ የማያመነጭ ነው፤ ከጉዳቱ ብዙው የሚመጣው ከሰውነት ምላሽ ነው። ተሕዋሲው የነርቭን ክር በሚሸፍኑት የሽቫን ሕዋሳት ውስጥ ሲደበቅ፣ እርሱን የሚያሳድዱት ቲ ሕዋሳትና ማክሮፋጆች ነርቩን አብረው ያቆስላሉ። የሕዋሳቱ ምላሽ ሲበረታ ተሕዋስያኑ ያንሳሉ፣ ነርቩ ግን ይጎዳል፤ ምላሹ ሲደክም ተሕዋስያኑ በሰውነት ይንሰራፋሉ። በሕክምና መካከል እንኳ ምላሹ በድንገት ሊያገረሽ ስለሚችል፣ ከፀረ ተሕዋሲ መድኃኒት በተጨማሪ እብጠትን የሚያበርድ ስቴሮይድ ይሰጣል። ሥጋ ደዌ ቀስቃሹ የታወቀ ተላላፊ በሽታ በመሆኑ ሰውነት ራሱን ከሚያጠቃባቸው ከኦቶኢሚዩን ሕመሞች ይለያል፤ ነገር ግን ተከላካዩ ሕዋስ የገዛ አካልን የሚጎዳበትን መንገድ ለማጥናት ግልጽ ምሳሌ ይሆናል።

ከሆሳዕና ወይም ከዱራሜ ታማሚዎች የደምና የቆዳ ናሙና ወስዶ እንዲህ ያለውን ጥናት ለማካሄድ የሚያቅድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከሐንሰን ሁለቱንም ይወርሳል። የተለመደውን እምነት በመረጃ መፈተናቸው ሊከተሉት የሚገባ ነው። የበርገኑ ፍርድ ደግሞ የጥናቱ ዓላማ የቱንም ያህል የላቀ ቢሆን፣ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ታማሚው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት መፍቀድ ወይም እምቢ ማለት እንዳለበት ያስገነዝባል።