ዶክተር አክሊሉ ለማ እና የእንዶድ ጥናታቸው



በናይል ዳር ለምንኖር ለእኛ ቢልሃርዝያ እንግዳ በሽታ አይደለም። በገዚራ የመስኖ ቦዮች አካባቢ ብዙ ሕዝብ አጥቅቷል። ጥገኛው ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት ውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት በሽታውን ለመከላከል ከሚረዱት መንገዶች አንዱ ነው።

ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህንኑ በሽታ ለማጥናት ዓድዋ ሄዱ። እዚያ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። አረፋው በሚወርድበት በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኙ። ከሌላ ቦታ በሕይወት ያሉትን ለቅመው አረፋው ውስጥ ቢያስገቧቸው እነዚያም ሞቱ።

ነገሩን አይተው ቢያወሩት ኖሮ ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር። እሳቸው ግን የእንዶዱን ፍሬ አድርቀው ፈጩ፤ ምን ያህሉ በምን ያህል ውሃ እንደሚገድል ለኩ፤ ውጤቱንም ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1965 ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል በተባለው መጽሔት አሳተሙ። የጥናት ጽሑፍ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሌላው ባለሙያ አንብቦ ሥራውን ደግሞ እንዲሞክረው፣ ስሕተት ካለበትም እንዲያርመው ያስችላል።

መታተሙ ግን የመንገዱ መጨረሻ አልሆነም። በዓድዋ ለአምስት ዓመታት በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ወረዱ። እንዲህም ሆኖ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ለማግኘት የመርዛማነት ምርመራው በውጭ አገር ቤተ ሙከራዎች እንደገና እንዲሠራ ተጠየቀ። ለዚህ የሚበቃ ገንዘብ ሳይገኝ ብዙ ዓመታት አለፉ። የድሃ አገር ሳይንቲስት በገዛ ቤተ ሙከራው ያገኘው ውጤት በቀላሉ አለመታመኑ አክሊሉን በጣም ያሳዝናቸው ነበር። ቢሆንም ሥራቸውን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ልጆች፣ እንዶድን እናቶቻችንና አያቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። አክሊሉ የጨመሩበት መጠየቅን፣ መለካትንና መጻፍን ነው። እናንተም ከቤት የምትሰሙትን ዕውቀት አትናቁ፤ መርምሩት፤ ያያችሁትንም በደብተራችሁ አስፍሩ።