ያሲር አራፋት፦ ቁልፎቹን ሁሉ በኪሳቸው የያዙት መሪ

የፍልስጤም ጉዳይ ሲነሳ ጥቁርና ነጭ ሻሽ ጠምጥመው፣ ወታደራዊ ልብስ ለብሰው የሚታዩት ሰው ከብዙዎች ዓይነ ኅሊና አይጠፉም። ያሲር አራፋት ካረፉ ከ20 ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ዛሬ በጋዛና በራማላ መካከል ያለውን የፖለቲካ መለያየት ለመረዳት ግን የእኒህን ሰው የሕይወት መንገድ መከተል ግድ ይላል። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።)

የትውልድ ሥፍራቸው ሳይቀር አከራካሪ ነበር። እርሳቸው በኢየሩሳሌም መወለዳቸውን ይናገሩ እንጂ ሰነዶች በነሐሴ 1929 በካይሮ መወለዳቸውን ያሳያሉ። አባታቸው የጋዛ ነጋዴ፣ እናታቸው ደግሞ የኢየሩሳሌም ተወላጅ ነበሩ። እናታቸውን ገና በአራት ዓመታቸው አጡ፤ የተወሰኑ የልጅነት ዓመታትንም በኢየሩሳሌም ከእናታቸው ዘመዶች ዘንድ አሳለፉ።

እ.አ.አ በ1948 የእስራኤል መንግሥት ሲመሠረትና በተከተለው ጦርነት ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ከቀያቸው ሲፈናቀሉ አራፋት በካይሮ ይኖሩ ነበር። በዚያው ከተማ ሲቪል ምህንድስና ተማሩ፤ የፍልስጤም ተማሪዎችን ማኅበርም መሩ። ከዚያም ለሥራ ወደ ኩዌት አቀኑ። በምህንድስና ሙያቸው እንጀራቸውን እየበሉ፣ ከኻሊል አል ዋዚርና ከሳላህ ኻላፍ ጋር ሆነው በ1950ዎቹ መጨረሻ ፋታህን መሠረቱ። ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ፍልስጤማውያን የዐረብ መንግሥታትን ደጅ ከመጥናት ይልቅ ዕጣ ፈንታቸውን በራሳቸው እጅ መያዝ አለባቸው የሚል።

የፍልስጤም ነጻ አውጪ ድርጅት (ፒ.ኤል.ኦ) በ1964 ሲቋቋም ጠንሳሾቹ የዐረብ መንግሥታት ነበሩ። በ1967ቱ የስድስት ቀናት ጦርነት እነዚያው መንግሥታት ተሸንፈው ዌስት ባንክ፣ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምና ጋዛ በእስራኤል እጅ ሲወድቁ የነአራፋት ጊዜ መጣ። በመጋቢት 1968 በዮርዳኖሷ ካራሜህ ከእስራኤል ጦር ጋር የተደረገው ውጊያ ስማቸውን በዐረቡ ዓለም አናኘው። በየካቲት 1969 የድርጅቱ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ይህን ሥልጣን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቁትም።

ድርጅቱ አንድ ፓርቲ ሳይሆን የብዙ ቡድኖች ጥላ ነበር። የጆርጅ ሐበሽና የናይፍ ሐዋትሜህ ግራ ዘመም ግንባሮች፣ ሶሪያ የምትደግፈው፣ ኢራቅ የምትደግፈው፣ ሁሉም በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው ይነታረካሉ። የአራፋት ጥበብ ማንንም ሳያባርሩ ሁሉንም ይዞ መጓዝ ነበር፤ አንዱን በገንዘብ፣ ሌላውን በሹመት፣ ሦስተኛውን በዕቅፍና በጉንጭ መሳም። ጥበቡ ግን ዋጋ ያስከፍል ነበር። በመስከረም 1970 የሐበሽ ሰዎች የመንገደኛ አውሮፕላኖችን ጠልፈው በዮርዳኖስ በረሃ ሲያጋዩ፣ ንጉሥ ሑሴን ጦራቸውን አዘመቱ። አራፋትና ታጣቂዎቻቸው ተሸንፈው ወደ ሊባኖስ ተሻገሩ። በ1972 ከፋታህ ጋር ትስስር የነበረው ጥቁር መስከረም የተሰኘ ቡድን በሙኒክ ኦሎምፒክ ባደረሰው ጥቃት 11 የእስራኤል ልዑካን ተገደሉ።

እንዲያም ሆኖ የዲፕሎማሲው በር ተከፈተላቸው። ከ1973ቱ ጦርነት ጋር ተያይዞ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገራት ከእስራኤል ጋር የነበራቸውን ግንኙነት አቋርጠው ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት የዐረብ ሊግ ድርጅቱን የፍልስጤም ሕዝብ ብቸኛ ሕጋዊ ወኪል አድርጎ ሲቀበል፣ በኅዳር አራፋት በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ንግግር አደረጉ።

በ1982 እስራኤል ሊባኖስን ስትወር ከቤይሩት ተነስተው መቀመጫቸውን ቱኒዝ አደረጉ። በዓመቱ የገዛ ፋታህ መኮንኖች በሶሪያ ድጋፍ አመጹባቸው፤ በሰሜን ሊባኖሷ ትሪፖሊ ከበባ ውስጥ ገብተው በመርከብ ወጡ። በታኅሣሥ 1987 ደግሞ የመጀመሪያው ኢንቲፋዳ ሲፈነዳ ድንጋይ የወረወሩት ቱኒዝን አይተው የማያውቁ የጋዛና የዌስት ባንክ ወጣቶች ነበሩ። በዚያው ወቅት ሐማስ ተወለደ። ሐማስ በአራፋት ጣራ ሥር ያልገባ፣ በዕቅፍም በገንዘብም የማይያዝ ኃይል ነበር።

የትግል ጓዶቻቸውም አለቁ። አል ዋዚር በ1988፣ ኻላፍ በ1991፣ ሁለቱም ቱኒዝ ውስጥ ተገደሉ። ፊት ለፊት የሚሞግቷቸው እኩዮቻቸው ሲያልፉ ውሳኔው ሁሉ ወደ አንድ ሰው መሰብሰቡ አይቀርም ነበር። በባሕረ ሰላጤው ቀውስ ወደ ሳዳም ሑሴን በማዘንበላቸውም የባሕረ ሰላጤው አገራት ገንዘባቸውን ነፈጓቸው።

ወደ ኦስሎ የሄዱት እንዲህ ተዳክመው ነው። በሐይደር አብደል ሻፊ የሚመራው ይፋዊው ልዑክ በዋሽንግተን ሲደራደር፣ እርሳቸው በኖርዌይ በምስጢር ሌላ ድርድር አስኬዱ። በመስከረም 1993 ከይስሐቅ ራቢን ጋር በዋይት ሐውስ ግቢ ተጨባበጡ፤ በቀጣዩ ዓመትም ከራቢንና ከሺሞን ፔሬዝ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋሩ። ስምምነቱ ግን ኢየሩሳሌምን፣ ስደተኞችን፣ ሰፈራዎችንና ድንበርን ለወደፊት ያቆየ ነበር። ገጣሚው ማሕሙድ ዳርዊሽ በተቃውሞ ከድርጅቱ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ለቀቁ።

አራፋት በሐምሌ 1994 ወደ ጋዛ ገቡ፤ በ1996 ደግሞ በምርጫ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የአስተዳደር ልማዳቸው ግን የሽምቅ ተዋጊ አዛዥ ልማድ ነበር። እርስ በርስ የሚጠባበቁ በርካታ የጸጥታ ተቋማትን አቋቋሙ፤ የወጪ ሰነዶችን በእጃቸው ይፈርሙ ነበር። በስደት ዘመን ድርጅቱን ያቆየው ዘዴ ለመንግሥትነት አልሆነም። በሌላ በኩል የእስራኤል ሰፈራ መስፋፋቱን ቀጠለ፤ ራቢን በ1995 በአንድ እስራኤላዊ ጽንፈኛ ተገደሉ፤ ሐማስ በአጥፍቶ ጠፊዎች አውቶቡሶችን አጋየ። አራፋት የሐማስን ሰዎች ሲያስሩ ከወገናቸው የእስራኤል ዘበኛ ተባሉ፤ ሲፈቱ ደግሞ እስራኤል በአሸባሪ ደጋፊነት ከሰሰቻቸው።

የ2000ው የካምፕ ዴቪድ ጉባኤ ያለ ስምምነት ተበተነ። ሁለተኛው ኢንቲፋዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ፍልስጤማውያንንና ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ እስራኤላውያንን ሕይወት ቀጠፈ። ከ2002 ጀምሮ አራፋት በራማላው ግቢያቸው በእስራኤል ታንኮች ተከበቡ። በውጭ ጫና በ2003 ማሕሙድ አባስን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ቢሾሙም የጸጥታ ኃይሎችን ሥልጣን አላስረክብ በማለታቸው አባስ በወራት ውስጥ ለቀቁ።

በጥቅምት 2004 መጨረሻ በጠና ታመው ወደ ፈረንሳይ ተወሰዱ፤ ኅዳር 11 ቀን አረፉ። ኢየሩሳሌም መቀበር ስላልተፈቀደላቸው በራማላው ግቢ ተቀበሩ። ባለቤታቸው በመርዝ ስለመሞታቸው ጥርጣሬ በማንሳታቸው በ2012 አስከሬናቸው ወጥቶ ቢመረመርም የስዊዘርላንድና የፈረንሳይ ባለሙያዎች በውጤቱ አልተስማሙም።

ቁልፎቹን የሚረከብ ግን አልተገኘም። በጥር 2006 ምርጫ ሐማስ ከ132 የምክር ቤት መቀመጫዎች 74ቱን አሸነፈ። በሰኔ 2007 ሐማስና ፋታህ በጋዛ ተዋግተው ሐማስ ሠርጡን ሲቆጣጠር፣ የአራፋት የጋዛ መኖሪያ ቤት ተዘረፈ። ፋታህ የኖቤል ሜዳሊያቸው ሳይቀር መወሰዱን ገልጾ ሐማስን ከሰሰ፤ ሐማስም ክሱን አስተባበለ።